በብሎን የታሰረው የክራንች ጫማ

ሰሞኑን በንፋስ መውጫ ገበያ አንድ ባጃጅ በድምፅ ማጉያ እየለፈፈ አለፈ። «የተሰበረ ክራንች፣ የተበላሸ ዊልቸር ያላችሁ አምጡ! በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች በነጻ ይጠግኑላችኋል!» እኔ ከልብስ ሰፊው ቤት በረንዳ ላይ ቁልፍ እየተከልሁ ነበር። ሰው ሁሉ «እሰይ፣ ይባረኩ» አለ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ስፌቴን ቀጠልሁ።

የዛሬ ሰባት ዓመት፣ በፍልሰታ ጾም፣ እንዲሁ ተለፍፎ ነበር። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ካቋረጥሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ያሳደጉኝን አያቴን፣ አባባን፣ ይዤ በጠዋት ከገጠር ወደ ከተማ ወጣሁ። አባባ ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች የለም፤ የሚሄዱት በእንጨት ክራንች ነው። መንገዱ ጭቃ፣ የድንቹ ማሳ አበባ በአበባ ነበር። ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አይቀመስምና፣ ለኋላ የሚሆን ቅቅል ድንች ከሚጥሚጣ ጋር በጨርቅ ቋጥሬያለሁ። ሽታው እየመጣ ምራቄን ያስውጠኛል።

የክራንቹ ጫፍ ከመኪና ጎማ የተሠራ ጫማ ነበረው። አባባ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲደርሱ የግራ እግራቸውን ጫማ ያወልቃሉ፤ ቀጥለው ይህንንም መንጭቀው ያወልቁና በባዶው እንጨት ይገባሉ። በደብራችን ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ተማሪዎቹ ግን ከየት ይወቁት?

ተማሪዎቹ በሚጠግኑበት ትምህርት ቤት ግቢ አባባ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ሲጫወቱ፣ ክራንቹን ይዤ የሄድሁት እኔ ነኝ። የተቀበለኝ ተማሪ እጀ ቀልጣፋ ነበር። ብብት ሥር የሚገባውን የተሰነጠቀ እንጨት አሳምሮ ለወጠው። ከዚያ ጎማውን ነቅነቅ አደረገና፣ «ውይ! ይቺማ ትወልቃለች፤ ሰውዬውን ልትጥላቸው ነበር» አለ። ማስቲሽ ቀባ፤ ብሎን አነሳ።

«እሱ እኮ...» አልሁ።

«ምን አልሽ፣ እህት? ተማሪ ነሽ? ስንተኛ ክፍል?»

ፊቴ ጋለ። ሁለት ጓደኞቹ ቀና ብለው አዩኝ። አቋርጫለሁ ማለት አቃተኝ።

«ምንም» አልሁ። ብሎኑ ጎማውን አልፎ እንጨቱ ውስጥ ሲገባ ቆሜ አየሁ።

አባባ በተጠገነው ክራንች ግቢውን ዞሩበት። «አሁንማ ሚስት ፈልጉልኝ!» ብለው ሁሉንም አሳቁ፤ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ መረቁ። በመንገድ ልነግራቸው ብዙ ጊዜ አፌን ከፈትሁ። ደስታቸውን ሳይ መልሼ ዘጋሁት።

ደብራችን ስንደርስ ቅዳሴው ሊጀመር ነው። አባባ ጎንበስ ብለው ጎማውን ሳቡት። እምቢ አለ።

«ምን ነካው?»

«በብሎን አስረውት ነው።»

«አንቺ አይተሻል?»

«አዎ።»

«ታዲያ አፍ አልነበረሽም፣ ልጄ?»

መፍቻ ከየት ይምጣ? በር ላይ የቆሙት ቄስ፣ «ግድ የለም ይግቡ፣ እንጨት አይደል እንዴ» አሏቸው።

«አባቴ፣ እርስዎ ባዶ እግርዎን፣ እኔ ተጫምቼ? የኔ እግር እኮ ይሄ ነው» አሉና ክራንቹን ከጫማዎቹ አጠገብ አጋደሙት። ትከሻዬን ይዘው እስከ ወንዶቹ በር ደረሱ። እኔ በዚያ በር አልገባም። ለቀቁኝና ግድግዳውን ተደግፈው በአንድ እግራቸው ደረጃውን ጀመሩ። ዝናብ አርሶታል። ቄሱ እጃቸውን ሳይዘረጉ አባባ ወደቁ።

ዳሌያቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ቆመው አስቀድሰው አያውቁም።

አሁን ከተማ በተከራየኋት ክፍል አልጋ ላይ ናቸው። ሰው ተማሪዎቹን ሲያማ፣ «ተዉ፣ ልጆቹ በቅንነት ነው የሠሩት። የነገራቸው አልነበረም» ይላሉ። ይህን ሲሉ ወደ እኔ አያዩም። አቋርጫለሁ ብል ኖሮ ምን እሆን ነበር? ሁለት ልጆች ይስቁብኝ ነበር፤ ያውም ከሳቁ።

ጎረቤቶቻችን ግን ያመሰግኑኛል። «ድምጿ የማይሰማ፣ ጨዋ ልጅ» እያሉ ለሴት ልጆቻቸው ምሳሌ ያደርጉኛል። አባባን ሳገላብጥ መጥተው ይህንኑ ይላሉ። ያን ጊዜ አባባ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ እንግዶቹም እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏቸው ቀስ ብለው ይወጣሉ።