ሕሩይ ለወደቡ ቦርድ በታጨበት ሳምንት

ሕሩይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የመርከብ ገመድ ሲቀበል የኖረ ሰው ነው። ከፊንላንድ የሚመጣው መርከብ ጠዋት ጠዋት ስቶክሆልም፣ ከሶደርማልም ሰፈር ግርጌ ሲጠጋ፣ ከላይ የሚወረወረውን ገመድ ጎትቶ የወደቡ ብረት ላይ የሚያጠልቀው እሱ ነበር። በረዶ አንሸራቶት ሁለቴ ጎድኑ ተሰብሯል። አንዴማ በመርከቡና በወደቡ ግንብ መካከል ሊገባ ሲል ባልደረባው በኮሌታው ይዞ መልሶታል። ይህን ሁሉ ሲያወራ ታዲያ እየሳቀ ነው። የሚያውቁት ሰዎች፣ ሕሩይ ፍርሃት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም ይላሉ። እንግዲህ ምን ያህል እንደሚያውቁት ከዚህ መገመት ነው።

ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። የፓርቲ አባልም ነው፤ አባል ነው ስንል ግን ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ስብሰባ ላይ ከኋላ ይቀመጣል፣ በምርጫ ሰሞን የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ የቱነልባናው በር ላይ ቆሞ ወረቀት ያድላል፣ አለቀ። እዚህ አገር የከተማው ምክር ቤት ለወደቡ ቦርድ አባላት የሚሰይመው ፓርቲዎቹ አጭተው ከሚያቀርቡለት ዝርዝር ላይ ነው። እና አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ የእጩ አቅራቢው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጉኒላ ደወለችለት። ቦርዱ በጠበቃና በኢኮኖሚስት ተሞልቷል፤ ወደቡን በእግሩ የሚያውቅ ግን አንድም ሰው የለበትም፤ አንተን ብናጭህስ አለችው።

ሕሩይ ወጥ ቤት ውስጥ ነበር፤ ወንበር ሳበና ተቀመጠ። ከዚያ እንደ አገሩ ወግ፣ እስቲ እናያለን አላት። እኛ እስቲ እናያለን ካልን ነገሩ ቀርቷል ማለት ነው፤ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ስለሚከብደን እንጂ። ማኅበር ግባ ሲሉን፣ ቤት ግዛ ሲሉን፣ ልጄን አግባ ሲሉን የምንላት እሷኑ ነው፤ ሰሚውም ገብቶት ዝም ይላል። ጉኒላ ግን ይህን ከየት ትወቀው? ፈቃደኛ ነው ብላ ጻፈች። ሐሙስ ዕለት የሕሩይ ስም ከነአባቱ በፓርቲው ድረ ገጽ ላይ ወጣ።

መጀመሪያ ያየችው ሚስቱ ልደታ ናት። ልደታ ደግሞ ደስታ ለብቻዋ አይዋጥላትም። ሕሩይ ከገበያ ሲመለስ ዝርዝሩ ፎቶ ተነስቶ በቤተ ክርስቲያኑ የዋትሳፕ ቡድን ውስጥ ገብቷል፤ ቬሊንግቢ ያለ ሰው እንኳን ደስ አላችሁ ይላል፣ ኡፕላንድስ ቬስቢ ያለ ሰው የእጅ ጭብጨባ ይልካል። አንዱማ ከአሁን ወዲያ መርከብ ሲያመልጠን ለአንተ ነው የምንደውለው ብሎ ቀልዶበታል። ሕሩይ የገበያውን ፌስታል እንደያዘ ስልኳ ላይ አንብቦ፣ አንብቦ፣ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። ሰውየው ደንግጧል ብላ ልደታ ሳቀችበት።

በማግስቱ ቅጹ መጣ። አብዛኛው ጥያቄ ቀላል ነው፤ የት ሠራህ፣ ምን ተማርክ፣ ከወደቡ ጋር የሚያጋጭህ ጥቅም አለህ ወይ። የመጨረሻው ግን እንዲህ ይላል፤ ባለፈው ሕይወትዎ ውስጥ ቢታወቅ በእርስዎ ላይ ያለውን አመኔታ ሊጎዳ የሚችል ነገር አለ? ሁለት ትንንሽ ሳጥን አለው፤ አለ፣ የለም። አለ ያለ ሰው ከሥሩ ያብራራል። በሚቀጥለው ዓርብ ይመለስ ይላል።

ሕሩይ ላይ ያለውን ነገር ልንገራችሁ፤ ለልደታም ነግሯት አያውቅም።

ዘመኑ ስልሳ ዘጠኝ ነው፤ አዲስ አበባ። የሰፈራቸው ቀበሌ ሊቀመንበር ከተገደለ ሳምንቱ ነበር። ከአብዮቱ ጽሕፈት ቤት የመጣ ካድሬ ሕዝቡን እሁድ ጠዋት አዳራሽ ሰብስቦ አዲስ ሊቀመንበር ጠቁሙ አለ። ያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው በተቃዋሚዎች ጥይት እንደሚመታ የማያውቅ የለም፤ ሁሉም አንገቱን ደፋ። የካድሬው ዓይን ሲንከራተት ቆይቶ ከፊት የቆመው የአሥራ ስምንት ዓመቱ ሕሩይ ላይ አረፈ። ና ወደዚህ ብሎ ከጎኑ አቆመውና፣ ጠቁም፣ ካልጠቆምክ አንተው ትሆናለህ አለው። ሕሩይ ወደ ሕዝቡ ዞሮ መጀመሪያ ያየው የጎረቤቱን ፊት ነው።

“ጋሽ ገመዳ” አለ።

ጋሽ ገመዳ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የሕሩይ የትምህርት ቤት ሱሪ በተቀደደ ቁጥር ወስደው ጠቅመው፣ ተኩሰው የሚመልሱለት እሳቸው ናቸው። ሚስታቸው የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ነበር። እኔ ለዚህ አልሆንም፣ ሌላ ሰው ፈልጉ ብለው ለመኑ። ካድሬው ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጫር አደረገና፣ የሚደግፍ እጁን ያውጣ አለ። እጅ ወጣ። ጋሽ ገመዳ ከዚያ በኋላ እምቢ አላሉም። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን በራቸው ላይ ተተኩሶባቸው ሞቱ። ሕሩይ በግድግዳው ማዶ ሆኖ ተኩሱን ሰምቷል። አልወጣም። በዓመቱ ከአገር ጠፋ፤ በሱዳን አድርጎ ስዊድን ገባ።

ከስንት ዓመት በኋላ፣ ትዳር ይዞ፣ ሥራ ይዞ፣ ነገሩን ረስቼዋለሁ ባለበት ሰዓት፣ አንድ እሁድ ከቅዳሴ ሲወጣ የጋሽ ገመዳን ሚስት እትዬ ዓለምፀሐይን በረንዳው ላይ አገኛቸው። ልጃቸው ምኞት ነርስ ሆና እዚሁ ትሠራለች፤ እናቷን አስመጥታ ነው። ዓለም ሁሉ ሰፊ ሆኖ ሳለ እሳቸው ስቶክሆልም፣ ያውም እሱ የሚያስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን መጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እትዬ ዓለምፀሐይ እሱን ሲያዩ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ ያደርጋሉ፤ እሱ በቀኝ ከቆመ በግራ ይወጣሉ። ዐውደ ዓመት ሲሆን ከሩቅ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላም ይሉታል፤ ከዚያ ያለፈ ቃል የለም። ሕሩይ የሚገባው ገብቶታል። አልረሱልኝም፤ ፊቴን ማየት ይቀፋቸዋል ብሎ ደምድሟል።

አሁን ቅጹ ላይ የለም ብሎ ቢጽፍ፣ ስሙ ከተማው ሁሉ ፊት ወጥቷል፤ እኚህ ሴት አንድ ቀን ተነስተው ይህ ሰው ባሌን አስገድሏል ቢሉ ማን ያስቆማቸዋል? አለ ብሎ ቢጽፍ ደግሞ ልደታ ትሰማለች፣ ልጆቹ ይሰማሉ፣ ማኅበሩ ይሰማል። ለጉኒላ ደውሎ ይቅርብኝ ሊላት አራት ጊዜ ስልኩን አንስቷል። አራቴም መልሶ አስቀመጠው። ላቡ ጆሮ ግንዱ ላይ ይወርዳል፤ እምቢ ማለት ምን እንደሚያስከትል ከዚያ አዳራሽ ተምሯላ። ጉኒላ እንደማትተኩስ ያውቃል። ሆዱ ግን አያውቅም።

ደግሞ እውነቱን እንናገር ከተባለ ወንበሩን ፈልጎታል። ባለፈው ክረምት እሱ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ ተንሸራቶ እግሩን አጥቷል። ሕሩይ እዚያ ግንብ ላይ የት የት በረዶ እንደሚጋገር፣ የትኛው መብራት እንደማይበራ ዓይኑን ጨፍኖ ይነግራችኋል። ቦርዱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ይህን በወረቀት ነው የሚያዩት።

ቅዳሜም እሁድም ቤተ ክርስቲያን አልሄደም። ሰኞ ደረቱን ያዘው፤ ልደታ ሐኪም ጋ ካልሄድን ብላ ነዘነዘችው። ማክሰኞ በሩ በተደወለ ቁጥር ይበረግግ ጀመር። ፖስተኛ ነው፣ ጎረቤት ነው፤ እሱ ግን ከመኝታ ቤት አይወጣም። ሞት እንኳ አንዴ ነው፣ ይኼ ምንድነው አለ ለራሱ። ረቡዕ ጠዋት ቅጹን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተና ለልደታ መድኃኒት ቤት ነው የምሄደው ብሏት፣ በፐንደልቶግ ባቡር እትዬ ዓለምፀሐይ ወደሚኖሩበት ወደ ኡፕላንድስ ቬስቢ ሄደ። ሴትየዋ እፊቱ ላይ ይትፉበት። ቢያንስ የሚሉትን ከራሳቸው አፍ ይሰማል።

ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደወለ። እትዬ ዓለምፀሐይ በሩን ገርበብ አድርገው ሲያዩት ፊታቸው አመድ መሰለ። ቁጣ ጠብቆ ነበር የመጣው፤ ያየው ግን ቁጣ አልነበረም። በሩን መልሰው ሊዘጉት ቃጡ።

“ምኞት የለችም” አሉ፤ እሱ ስለ ምኞት አልጠየቀም።

“እርስዎን ፈልጌ ነው እትዬ።”

በሩን ለቀቁለትና ግድግዳውን እየተደገፉ ወደ ሳሎን ቀደሙት። ግባም ተቀመጥም አላሉትም። ሕሩይ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ወለሉ መሐል ቆሞ ነገሩን አወረደው፤ ካድሬው ያለውን፣ እሱ የመለሰውን፣ ተኩሱን ሰምቶ አለመውጣቱን። ቅጹን አውጥቶ አሳያቸው፣ የመጨረሻውን ጥያቄ ተረጎመላቸው።

“ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ አልመጣሁም፤ እንዴት ብዬ? ሰው ፊት ከሚያወጡት ለእኔ ይንገሩኝ ብዬ ነው።”

እትዬ ዓለምፀሐይ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የነጠላቸውን ጥለት እየጠቀለሉ፣ እየፈቱ ያዳምጡት ነበር።

“አንተ እኮ ልጅ ነበርክ” አሉ። “አንተ ባትጠራው ሌላው ይጠራው ነበር። እኔ አንተን የምሸሽህ ለሱ መሰለህ?”

“ታዲያ ለምንድነው?”

ቀና ብለው አዩት። “ሕዝቡ ፊት ቆመህ ነበር። አይተኸኛል።”

ሕሩይ አልገባውም።

“እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከሰው ሁሉ መጀመሪያ። ካድሬው የሚደግፍ ሲል ማንም አልተነቃነቀም፤ ዝም ካልኩ የአድኃሪ ሚስት ይሉኛል፣ በሆዴ ልጅ አለ፣ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ እጄ ወጣ። ሚስቱም ደግፋለች ብሎ ካድሬው ሲስቅ ሌላው ሁሉ ተከተለኝ። ለምኞት ግን ካድሬው እግር ላይ ወድቄ ለአባትሽ ለመንኩ ብዬ ነው የነገርኳት። እጄን ማውጣቴን የሚያውቅ፣ እዚህ አገር ያለ ሰው አንተ ብቻ ነህ። ሊሾሙህ ነው፣ ያለፈውን ሁሉ ይጠይቁሃል ሲሉኝ ነገረብኝ ማለት ነው ብዬ፣ ይኸው ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም።”

ሕሩይ ያን ጠዋት ለማስታወስ ሞከረ። የካድሬው ጫማ ትዝ ይለዋል፤ ሲሚንቶው ላይ የፈሰሰው ውሃ ትዝ ይለዋል።

“እትዬ፣ እኔ ማንንም አላየሁም። ስሙን ከጠራሁ በኋላ ቀና ብዬ አላየሁም። መሬት መሬት ነበር የማየው።”

“አላየህም?”

“አላየሁም።”

“ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ?” አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ለራሳቸውም አልለየላቸውም። ሲረጋጉ ድምፃቸው ቀጥኖ፣ “ገመዳ ግን አይቶኛል። ዞር ብሎ አይቶኛል። ማታ ቤት ስንገባ ምንም አላለኝም፤ በሞተበት ቀንም አላለኝም” አሉ።

ሕሩይ ያኔ ነው የተቀመጠው። ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶ አወጣና፣ አለ የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገ። ምልክቱ ከሳጥኑ ወጥቷል። እሳቸው አጎንብሰው እያዩት፣ የእኔን ስም ትጽፋለህ ወይ አሉት። የእርስዎ ጉዳይ የእርስዎ ነው፣ አልጽፍም አላቸው።

“የሱን ግን ጻፍ” አሉ። “ገመዳ ብለህ፣ ከነአባቱ። ልብስ ሰፊ ነበር በል። እምቢ ብሎ ነበር በል።”

እሳቸው እየነገሩት በስዊድንኛ ጻፈ። ሲጨርስ ፍርሃቱ አልሄደም፤ ዛሬ ማታ ልደታን ፊት ለፊት ማየት አለበት። ጉኒላ አንብባ ስሙን ብትሰርዘው መብቷ ነው፤ ምክር ቤቱም ያሻውን ይበል። ተነሳና ኮቱን ቆለፈ።

በዚያው ቅጽበት የውጪው በር ቁልፍ ሲዞር ተሰማ። ምኞት ከሥራ ገብታ፣ እማዬ እንግዳ አለ እንዴ እያለች ኮሪደሩ ላይ ጫማዋን ታወልቃለች። ሕሩይ ልሂድ ብሎ ወደ በሩ ሲራመድ እትዬ ዓለምፀሐይ ክንዱን ጨምድደው ያዙት። እንደዚያ የፈራ ፊት ገመድ ተበጥሶ መርከብ ግንቡን ሲስትም አይቶ አያውቅም።

“እንዳትሄድብኝ” አሉ በሹክሹክታ። “ብቻዬን አልችልም።”

ምኞት ብቅ አለች፤ አንዴ እናቷን፣ አንዴ ሕሩይን አየች።

“ቁጭ በይ ልጄ” አሉ እትዬ ዓለምፀሐይ፣ ክንዱን ሳይለቁ። “ስለ አባትሽ የነገርኩሽ ውሸት ነው።”