ሲስተር ቦሰና ያልተናገሩት ደም

ሲስተር ቦሰና ሠላሳ አራት ዓመት አዋላጅ ነርስ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ማንም ገብቶ ሊያስተካክላቸው የሚችላቸውን የአማርኛ የሕክምና ጽሑፎች ያርማሉ፤ ያውም በነፃ። ባለፈው ጥር "ከማረጥ በኋላ የሚታይ ደም" የሚለውን ጽሑፍ እያረሙ ሳሉ እሳቸው ራሳቸው ደም አዩ። ዕድሜያቸው ስድሳ ሁለት ነው፤ የወር አበባቸው ከቆመ አሥር ዓመት አልፎታል። ነገሩ ምን ሊሆን እንደሚችል ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ሰው በሰፈራችን የለም። ሆድ ይፍጀው ብለው አራት ወር ሙሉ ለማንም ሳይናገሩ ቆዩ።

እኔ ሉብና እባላለሁ፤ አዲሱ ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ። ዘጠኝ ዓመት ከእሳቸው ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርቼ ኖሬያለሁ፤ ስለዚህ ይህን ስጽፍ የምናደደው በእሳቸው ብቻ አይደለም። "ደህና አደሩ ሲስተር?" "ደህና አደርሽ ልጄ?" በቃ፣ ጉርብትናችን ይኸው ነበር። ባለቤታቸው ጋሽ ደበላ ሲያርፉ ለቅሶ ደርሼ ግዴታዬን የጨረስኩ መሰለኝ። ልጃቸው ሊሚ ጅማ ታስተምራለች። እሑድ እሑድ ትደውላለች፣ "ደህና ነኝ" ይሏታል፣ ስልኩ ይዘጋል።

ኮምፒውተሩን የተወችላቸው ሊሚ ናት። አንድ ቀን ስለ ማህፀን የተጻፈ ነገር ከፍተው ሲያነቡ ያንኑ የአካል ክፍል አንዱ አንቀጽ የማህፀን በር ይለዋል፣ ሁለተኛው የማህፀን ጫፍ፣ ሦስተኛው የማህፀን አንገት። "አንዷ ምስኪን ብታነበው ሦስት ነገር ያላት ይመስላታል" ብለው ተቆጡና አንዱን ስም መርጠው ከላይ እስከ ታች አስተካከሉት። ብልት የሚለው ቃል ውጪውንም ውስጡንም ጠቅልሎ የያዘበትን ቦታ ሁሉ እየለቀሙ ለያዩት። እንዲህ እያሉ ለመዱት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እኔ ሱቅ ልከፍት ስወጣ እሳቸው ጋቢያቸውን ደርበው ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣሉ፤ ማታ ስመለስም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ናቸው።

ከሁሉ ያናደዳቸው ግን "ካረጡ በኋላ የወር አበባ ተመልሶ ሲመጣ" የሚል ሐረግ ነበር። ካረጡ በኋላ ተመልሶ የሚመጣ የወር አበባ የለም። "እንዲህ ብለው ሲጽፉላት ልጅነቴ ተመለሰ ብላ ደስ ይላታል እኮ። ስንቷን አይቻለሁ" አሉኝ ኋላ ሲያጫውቱኝ። ያንን አጥፍተው "የሚታየው ደም የወር አበባ አይደለም፤ አንድ ጊዜ እንኳ ቢታይ ለሐኪም ይነገር" ብለው ጻፉ። ይህን በጻፉ በሳምንቱ ነው የራሳቸውን ደም ያዩት።

ስብሐት የሚባል ሌላ አራሚ አለ። የት እንደሚኖር አያውቁም፤ መልኩንም አይተው አያውቁም። "ይህ አገላለጽ ለአንባቢ ክብር አይመጥንም" እያለ የጻፉትን ያነሳዋል፤ እሳቸው ደግሞ መልሰው ያስገቡታል። እንዲህ እየተጨቃጨቁ ሁለት ዓመት ሆናቸው። እውነቱን ልናገርና፣ በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሲስተር ቦሰናን በየቀኑ የሚያናግራቸው ሰው እሱ ብቻ ነበር።

የእኛ የሴቶቹ ነገር ደግሞ የታወቀ ነው። ከእምብርት በታች ያለ ሕመም ሁሉ ስሙ "ወገቤን" ነው። ፈሳሽ ቢበዛ ወገቤን፣ ማህፀን ቢወርድ ወገቤን። እኔም ከሁለተኛ ልጄ በኋላ ሐኪም ፊት ቀርቤ ወገቤን ብያለሁ። ሲስተር ቦሰና በሥራ ዘመናቸው ይህን ሲሰሙ ካርዱን ያስቀምጡና "ወገብሽ ይቆይ፤ እስቲ የሚያምሽን ንገሪኝ" ይሉ ነበር። ሴቶቹም እየተሽኮረመሙ ይናገራሉ።

በሚያዝያ ደሙ ሲበረታ ብቻቸውን ታክሲ ተሳፍረው አንድ ክሊኒክ ሄዱ። የሚሉትን መንገድ ላይ ሲያጠኑት ነበር። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ አላነሳም።

"ምንዎን ነው እናቴ?"

"ወገቤን" አሉ።

ሐኪሙ ወገብዎ ይቆይ አላላቸውም። የሕመም ማስታገሻና የሚቀባ ነገር ጻፈላቸው። አመስግነው ወጡ።

ይህን ኋላ ሲያጫውቱኝ አላመንኳቸውም። "እርስዎ ሲስተር? እርስዎ ወገቤን አሉ?"

"እኔ ነኛ። ስጽፈው እኮ ስለ ሌላ ሰው ነው። እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ግን... እ... በቃ አፌ እምቢ አለኝ።"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እሳቸው ግን መድኃኒቱንም ያውቁታል፤ እኔን የሚያበሳጨኝ ይኸው ነው። የተገዛውን ቅባት በእጃቸው ይዘው በታክሲ ሲመለሱ ምን ይሰማቸው እንደነበር ጠይቄያቸዋለሁ። "ብቻዬን እንደሆንኩ ያወቅሁት ያን ቀን ነው" አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሩን ከፍተው ለስብሐት ጻፉለት። "ይህን ጽሑፍ የማርመው እኔ ራሴ ደም እያየሁ ነው። አራት ወር ሆነኝ።" ለዚያ ለማያውቁት ሰው።

ያን ቀን አልተከራከራቸውም። "እባክዎን ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። ከማን ጋር ይሄዳሉ?" ብሎ መለሰ።

ለሊሚ ልደውል ብለው ስልኩን አነሱና ተማሪዎቿን እየፈተነች ነው ብለው ተዉት። አብረዋቸው ከሠሩት አዋላጆች አንዷ ሞታለች፤ ሌላዋ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ከሰፈር ከሄደች ወዲህ ድምፅዋ ጠፍቷል። ግማሽ ቀን እንዲህ ሰው ሲፈልጉ ቆዩ። ምሳ ሰዓት ላይ እኔ ከሱቅ ለምሳ ብቅ እንዳልኩ በሬ ተንኳኳ።

"ሉብና፣ ከማህፀኔ ደም ይፈሰኛል" አሉኝ ደጃፌ ላይ ቆመው።

ደነገጥኩ። ልጆቼ ሰሙ አልሰሙ ብዬ መጀመሪያ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ወገብዎን ነው?" አልኳቸው። አሁንም ሳስበው አፍራለሁ።

"ወገቤ አይደለም፤ ማህፀኔ ነው። አብረሽኝ ትሄጃለሽ?"

ሄድኩ። ናሙና ተወሰደ። በሁለት ሳምንቱ ካንሰር ነው፣ ግን ገና ከማህፀን አልወጣም ተባለ። ሁለት ወር ዘግይተው ቢሆን ኖሮ ብላ ሐኪሟ ጀመረችና ሳትጨርሰው ተወችው። በሰኔ ማህፀናቸው በቀዶ ጥገና ወጣ። ሊሚ መጥታ ሦስት ሳምንት አስታመመቻቸው፤ ከዚያ እሷም ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ሱቅ ከመሄዴ በፊት ልጠይቃቸው ስገባ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠዋል። ጽሑፉ ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምረዋል፦ "ለሐኪም መናገር ከከበደሽ አስቀድመሽ ለምታምኚው አንድ ሰው ንገሪና አብራችሁ ሂዱ።" ስብሐት አጥፍቶታል። ከሥሩ "እንኳን እግዚአብሔር ማረዎት ሲስተር። ይቅርታ፣ ለዚህኛው ምንጭ አልተጠቀሰለትም" ብሏል። እዚያ ላይ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ከታተመ መጽሐፍ ወይም ከጥናት መምጣት አለበት አሉኝ።

እኔ ነደደኝ። "ታዲያ ምንጩ እርስዎ ነዎት አይደል? ማህፀንዎን ከፍለውበታል። ይህንኑ ይጻፉለት!"

"ሰው ምንጭ አይሆንም ልጄ። ልክ ነው፤ እኔም በዚሁ ሕግ የስንቱን አጥፍቻለሁ።" ኮምፒውተሩን ዘጉት።

ሰዓቱ ሄዶብኛል፤ ቦርሳዬን አንስቼ ተነሳሁ።

"ትንሽ አትቆዪም?" አሉኝ።

ደንበኛ ይጠብቀኛል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ቦርሳዬን አስቀምጬ ተቀመጥኩ።