የውጫሌ ሙዳዮችና ቦታ የፈጀው ካርቶን

ደሴ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ከደሴ መናኸሪያ የወጣሁት በመጀመሪያው ሚኒባስ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የባህል ዕቃ ሱቅ አለችኝ። ሙዳይ የሚሰፉልኝ ውጫሌ ያሉት እትዬ ዘይነባና ስድስት ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ሙዳይ የማያውቅ ካለ፣ ክዳን ያለው ትንሽ የስንደዶ ስፌት ነው፤ እጅ ላይ ሲይዙት ክብደቱ አይታወቅም። የማጓጓዣው ዋጋ ግን ትርፌን ሙልጭ አድርጎ በላው። እናም ዛሬ ተሰፍተው ያለቁትን አርባ ሙዳዮች ተቀብዬ «ከእንግዲህ አላዝዝም» ልላቸው ነው የምሄደው። በስልክ ለማለት ወኔ አጣሁ። ፊት ለፊት ለማለትም ያለኝ አይመስለኝም።

ሐይቅ፣ አንድ ሰዓት ተኩል

ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ጨርሶ ከተማው ገባ። ነጠላ ያጣፉ ሰዎች በሐይቁ ዳር ወዳለው ገዳም በእግር ያዘግማሉ፤ ከዛፎቹ ኋላ ውሃው ብልጭ ይላል። እኔ ግን ለውሃው ጊዜ የለኝም። በቀጥታ ዕቃችንን ወደ አዲስ አበባ ወደሚልከው የጭነት ቢሮ ሄድኩ፤ ልጠይቅ ሳይሆን ልጣላ።

«ምንም የማይመዝን ዕቃ ነው የምልከው። ለምንድን ነው የብረት ዋጋ የምታስከፍሉኝ?» አልኩት ዕቃ ተረካቢውን።

ሰውየው ሳይቆጣ ሜትሩን ከመሳቢያው አወጣ።

«እህቴ፣ መኪናው ከመክበዱ በፊት ቦታው ነው የሚያልቀው። ያንቺ አምስት ካርቶን በያዘው ቦታ ስንት ኩንታል እጭንበት ነበር? ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ ቁመቱን ነው የምናስከፍለው። ካርቶኑን አሳንሺ፣ ዋጋው ይወርድልሻል።»

ለጠብ የገባሁት እኔ፣ አመስግኜ ወጣሁ። እንዴት እንደማሳንሰው ግን አላውቅም።

ውጫሌ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

የአምባሰል ተራሮች መስኮቱን ሞልተውታል። ሹፌሩ ተሳላሚ መስዬው በመስታወት እያየኝ፣ «ግሸን ነሽ?» አለ። «አይ፣ ሙዳይ ነኝ» ስለው ሳቀብኝ።

ከመናኸሪያው በባጃጅ እትዬ ዘይነባ ደጃፍ ደረስኩ። «አብሽሪ ልጄ፣ ግቢ» አሉኝ። አርባው ሙዳይ ምንጣፍ ላይ ተደርድሯል፤ የሁሉም ክዳን በክር ተሰፍቷል። አንዱን ሳነሳው ውስጡ ተንኮሻኮሸ።

«ቆሎ ነው እንደ ወትሮው» አሉ። «ባዶ ዕቃ ከቤቴ አይወጣም፣ ነውር ነው። እንዳይፈስ ነው ክዳኑን የምንሰፋው።»

ስንት ጊዜ ሱቄ ውስጥ ክሩን በጥሼ ያንን ቆሎ ቆርጥሜያለሁ። ክሩ ካርቶን እንደሚያበዛብኝ አንድም ቀን አልታየኝም፤ ደንቆሮ!

«እትዬ፣ ባይሰፋ እኮ አንዱ ሌላው ውስጥ ይገባ ነበር።»

«ታዲያ ባዶውን ልስደደው?» ፊታቸው ጠቆረ።

ያን ጊዜ እውነቱን ተናገርኩ። እንዲህ ከቀጠለ ማዘዝ እንደማልችል ነገርኳቸው። አፈርኩ። እሳቸው ሙዳዩን አገላበጡት። ከዚያ መቀስ አነሱ።

የየሙዳዩን ክር ቆረጡ፣ ቆሎውን ሰፌድ ላይ ደፉ፣ ትንሹን በመካከለኛው፣ መካከለኛውን በትልቁ ውስጥ ከተቱ። መጠናቸው አንድ አይደለም እያልኩ ሁሌ የምነጫነጨው እኔ ነበርኩ። የሰባት ሴት እጅ አንድ ልክ አይሰፋም፤ ዛሬ ያ ልዩነት አወጣን። አልገባ ብለው ለብቻቸው የቀሩ ሙዳዮችም አሉ። እትዬ ቆሎውን ወደ ውስጠኞቹ ብቻ መለሱት።

«ሦስቱ አንድ ቤት ሆነዋል፤ ቆሎውም የሦስቱ ነው። ወላሂ፣ ይበቃል» አሉ። ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስላሉ።

ሐይቅ፣ ስምንት ሰዓት

ተረካቢው ሜትሩን ዘረጋ። አምስት ይሆን የነበረው ካርቶን ሁለት ሆኗል። ደረሰኙን ሁለቴ አነበብኩት፤ ከዚያ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ለሚቀጥለው ወር ስልሳ ይደርስልኛል?»

«ስልሳ?»

«ስልሳ። ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ እያደረጋችሁ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ስልኩን ሳይዘጉ አስቀመጡት። ወደ ደጅ ወጥተው ጎረቤቶቻቸውን በየስማቸው ሲጣሩ ይሰማኛል። የደሴው ሚኒባስ ረዳት «ሞልቷል፣ ግቢ እንጂ» ይለኛል። ስድስተኛዋ «አቤት» እስክትል ድረስ ንቅንቅ አላልኩም።