ሳህን የሚወራወሩት ባልና ሚስት

በያጇን ሰፈሩ ሁሉ «ብልጭታ» ነው የሚላት። ስሙ ግማሹ ከሥራዋ የመጣ ነው፣ ግማሹ ከጠባይዋ። የብረት በርና የመስኮት ፍርግርግ ትሠራለች። ሞያውን አባቷ ሥር ሥር እያለች ለቀመችው፤ አባቷ ሲሞት ደግሞ ንብ አርቢው አጎቷ ወስደው አሳደጓት። ደንበኛ ሲመጣ ከሰላምታ ቀጥላ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ አላት፦ «ምን እንዲገባ ነው የምትፈልገው?» በበር ባለቤቱ ይገባል፣ በመስኮት ብርሃን ይገባል፣ ሌባ በሁለቱም አይገባም። የሚገባውን ሳያውቅ የሚበይድ ብረት ያባክናል ባይ ናት።

አንድ ቀን የስፖርት አስተማሪው ሥዕል ይዞ ወርክሾፗ መጣ። ሥዕሉ ላይ የቆመ ቱቦ አለ፤ ወገቡ ላይ የሽቦ ቅርጫት፣ ከአናቱ ዙሪያውን የተንጠለጠለ ሰንሰለት።

«ምን እንዲገባ ነው?» አለችው።

«ሳህን።»

«ለሳህንማ መደርደሪያ ልሥራልህ።»

አስተማሪው ሳቀና ከቦርሳው ክብ ፕላስቲክ አወጣ። ሳህን የሚመስል፣ ጠርዙ ግን ሳሳ ያለ፣ ለእጅ የሚመች ነገር ነው። ጫካ ውስጥ ይወረወራል፤ በዛፎቹ መሀል እየሾለከ ሄዶ ሰንሰለቱን ይመታና ቅርጫቱ ውስጥ ይወድቃል። ከአንዱ ቅርጫት ወደ ሌላው እየተሄደ ይቀጥላል፤ ባነሰ ውርወራ የጨረሰ አሸናፊ ነው። ከከተማው ጫፍ ባለው ጫካ ውስጥ እንዲህ ያለ ሜዳ ሊሠሩ ነው፣ ዘጠኝ ቅርጫት ያለው።

ብልጭታ የመጀመሪያውን ቅርጫት የሠራችው እንደ ለመደችው ነው። የሰንሰለቱን ላይኛ ጫፍ በየደች፣ ታችኛውንም ወጠር አድርጋ በየደች። እንደ መስኮት ፍርግርግ ቀጥ ያለ፣ ቢጎትቱት የማይነቃነቅ። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ከሥራ ሲመለስ ግቢ ውስጥ አቁማው አገኘውና ሳህኑን አንስቶ ወረወረ። ሳህኑ ሰንሰለቱን መታና እንደ ኳስ ነጥሮ ተመለሰ፤ የቀለም ጣሳዋን ገልብጦ ቆመ።

«ብልጬ፣ ይሄ እኮ ሌባ አይደለም! ይግባ ተብሎ የተጋበዘ ነው።»

ተናደደች። ከዚያ ነገሩ ገባት። የብረት መቁረጫ ግራይንደሯን አንስታ የታችኛውን ብየዳ በሙሉ ቆረጠችው፤ ሰንሰለቱም ልል ብሎ እንደ ቀሚስ ተንጠለጠለ። ሳህኑን ራሷ ወረወረችው። ሰንሰለቱ ሸሽ ብሎ ተቀበለው፣ ዙሪያውን አቀፈው፣ ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጠው። ድምፁ ደስ አላት። ደግማ ወረወረች። ባሏ እራት ሳይበላ አመሸ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ ጠዋት ባልና ሚስቱ ጫካ ናቸው። ሜዳው ገና ሜዳ አይደለም። መወርወሪያው ቦታ ሁለት የተነጠፉ ሳንቃዎች ነው፤ ቁጥሩ ካርቶን ላይ በከሰል ተጽፎ ዛፍ ላይ ታስሯል። ሦስተኛው ቅርጫት ዝናብ ከጣለ ረግረግ ውስጥ ነው የሚቆመው። አምስተኛው ጋ መንገዱን የዘጋ የወደቀ ግንድ አለ፤ አንሱት አታንሱት እየተባለ ክርክሩ ሳያልቅ ሰው በላዩ አሳልፎ መወርወር ለምዶ፣ አሁን ይነሳ የሚል ጠፋ። ቅርንጫፍ እየቆረጡ፣ ቅጠል እየጠረጉ፣ መሀል መሀሉን ይጫወታሉ። ሾፌሩ ጉልበት አለው፤ ሳህኑ ግን መጀመሪያ ያገኘውን ዛፍ ሳይሳለም አያልፍም። ብልጭታ አጭር ትወረውራለች፤ በሁለት ግንዶች መሀል የእጅ ስፋት ክፍተት ካየች ግን እዚያ ውስጥ ታሾልከዋለች። ዓይኗ ክፍተት ሲለካ የኖረ ነው።

ችግሩ ስምንተኛው ቅርጫት ጋ ነበር። እዚያ የሕዝቡ ጫካ ያልቅና የአጎቷ አጥር ይጀምራል። አጥሩን አልፎ ያለው ጥግ የእሳቸው ነው፤ ዛፉም፣ ከዛፉ ሥር የተደረደሩት ቀፎዎችም። ከዚያ ጥግ ወዲያ ደግሞ የሜዳው መግቢያ አለ። የመናፈሻ ቢሮው ሰውዬ መጥቶ አይቶ ቁርጡን ነግሯቸዋል፦ «ተጫዋቹ በመጣበት መንገድ ከተመለሰ ከኋላው የሚመጣው ሳህን ግንባሩን ይለዋል። መንገዱ ዞሮ መግቢያው ጋ ካልገጠመ ፈቃድ የለም። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሼ እመጣለሁ።»

ዞሮ እንዲገጥም ዘጠነኛው ቅርጫት አጎቷ ጥግ ውስጥ መቆም አለበት። አጎቷን የሚጠይቅ ደግሞ ከእሷ ሌላ ሰው የለም።

እሷም ዛሬ ነገ ስትል ከረመች። አጎቷ ሾፌሩን ስታገባ ደስ አላላቸውም ነበር፤ «ሾፌር መንገድ እንጂ ቤት አያውቅም» ብለው አንዴ የተናገሩትን ዘንድሮም አልመለሱትም። ጥጋቸው ውስጥ የሰው ፍየል እንኳ አስገብተው አያውቁም። ሄዳ እምቢ ቢሏትስ? እምቢታውን ሳትሰማ ጫካው ውስጥ ተስፋ አለ፤ ከሰማች በኋላ የለም። እንዲያ እያለች ጥየቃውን ስትፈራ እሳቸውንም መጠየቅ ተወች። ቤታቸው ከረገጠች ወራት አለፉ።

በዚህ መሀል የጎረቤቷ የልብስ ሰፊዋ ጆሮ ሥራ ጀመረ። የሁለቱን ቤት የሚለየው ግድግዳ ስስ ነው፤ የልብስ ሰፊዋ መኪና ሲያርፍ ሁሉም ይሰማል። አንድ ዓርብ ማታ የሰማችው ይሄን ነው፦

«ባለፈው የወረወርከው ሳህን ለትንሽ ጆሮዬን ሳተኝ!»

«አንቺስ? ሰንሰለቱን እንዴት አድርገሽ ነው የመታሽው? አሁንም ጆሮዬ ላይ ይጮኻል።»

«ከነገ ወዲያ ደግሞ ታየኛለህ። ጫካ ወስጄ ነው የምጨርስህ።»

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ የሰማችውን ይዛ ማደር ነው የማትችለው። በማግስቱ ቀጥ ብላ አጎትየው ዘንድ ሄደች። «ጋሼ፣ ሳህን ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር። ሰንሰለትም አለ።»

እሑድ ጠዋት ባልና ሚስቱ ጫማቸውን እያሰሩ ሳለ በሩ በምርኩዝ ተመታ። አጎቷ ናቸው። ሳይቀመጡ፣ «ተነሺ ልጄ፣ ልብስሽን ሰብስቢ» አሉ።

«ምነው ጋሼ? ምን ሆኑ?»

ሾፌሩ አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ እንዳደረገ ብድግ አለ። «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?»

«አንተን አላናገርኩም።» ወደሷ ዞሩ። «እውነቱን ንገሪኝ። ሳህን ይወረውራል?»

«አዎ፣ ይወረውራል» አለች ግራ ገብቷት። «ግን እኔ እበልጠዋለሁ።»

«አንቺም?!»

«እሑድ እሑድ ነው እንጂ ጋሼ፣ በሥራ ቀን የት ጊዜ አለን።»

አጎትየው ወንበር ፈለጉ። ሾፌሩ አቀረበላቸው፤ ማን እንዳቀረበው ሳያዩ ተቀመጡ። «ሰንሰለትስ?» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ሰንሰለቱንማ እኔ ነኝ የሠራሁት።»

መጀመሪያ የገባው ለሾፌሩ ነው። ሊስቅ ፈለገ፣ መሳቅም ፈራ፤ ትከሻው ብቻ ተንቀጠቀጠ። ሄዶ ከበሩ ጀርባ ሳህኖቹን አመጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፋቸው፤ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አንድ በዛፍ የተላጠ ቀይ። ብልጭታ ሳህኖቹን አየች፣ አጎቷን አየች፣ ከዚያ ግድግዳውን። «ልብስ ሰፊዋ!» ብላ ጮኸች። ከግድግዳው ወዲያ ስትሰፋ የነበረችው መኪና ቀጥ አለች።

አጎትየው ቀዩን ሳህን አገላብጠው አዩት። «ለዚህ ነው እኔ በምርኩዝ ይሄን ዳገት የወጣሁት?» አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ «በሉ እንግዲህ፣ ለፍቼ መጥቻለሁ። አሳዩኝ።»

ጫካው ውስጥ አጎትየው መጀመሪያ የወረወሩት ሳህን ከእግራቸው ብዙም ሳይርቅ ቅጠል ውስጥ ወደቀ። ሁለተኛው ዛፍ መታ፤ ጧ! አለ። «ይሄ ዛፍ ትናንት እዚህ ነበር?» አሉ። ሦስተኛው ቅርጫት ጋ ጫማቸውን ጭቃ ዋጠው፤ ሾፌሩ ክንዱን ዘረጋላቸው፣ አልያዙትም። አምስተኛው ጋ ግንዱን አሳልፈው ሲወረውሩ ሳህኑ ወዴት እንዳረፈ ለማየት በእግራቸው ጣት ቆሙ። ስድስተኛው ጋ ሳህናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰንሰለቱን አገኘ። ሸሽ አለ። አጎትየው ቀርበው ሰንሰለቱን በእጃቸው ነካኩት።

«ይሄንን ድምፅ ከጥጌ ሆኜ ስሰማው ከርሜአለሁ። ውሻ አስሮ የሚሄድ ጨካኝ ሰው አለ ብዬ ስንቴ ተራገምኩ።» ሰንሰለቱን ጎተት አደረጉ። «ልል ነው። አንቺ እንዲህ ያለ ሥራ መቼ ጀመርሽ?»

«ከጠበቀ ይመልሳል ጋሼ። ሲላላ ነው የሚይዘው።»

ትክ ብለው አዩዋት።

ስምንተኛው ላይ ከሾፌሩ ባነሰ ውርወራ አስገቡ። በዚህ ረገድ ሾፌሩ ሆን ብሎ ዛፍ መታ የሚል አለ፤ ሚስቱ ግን ባሏ ሆን ሳይልም እንደሚመታ ታውቃለች። አጎትየው ሳህናቸውን አውጥተው፣ «ቀጥሎስ ወዴት ነው?» አሉ።

 ፊት ለፊታቸው የራሳቸው አጥር ነው።

 ብልጭታ ስንት ወር የሸሸችው ጥያቄ በራሱ እግር መጥቶ ፊቷ ቆሟል። «ቀጥሎ የለም ጋሼ» አለች። «ቀጥሎ ያለው የእርስዎ ነው። መንገዱ በጥግዎ ዞሮ መግቢያው ጋ ካልገጠመ ቢሮው አይፈቅድልንም። የፊታችን ቅዳሜ ተመልሰው ይመጣሉ። ልጠይቅዎት ፈልጌ፣ እምቢ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

«እና ለዚህ ነው ከደጄ የጠፋሽው?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«እኔ ደግሞ ባልሽ ነው የከለከለሽ ብዬ ነበር።» አጎትየው ምርኩዛቸውን ሁለቴ መሬት ላይ መቱ። ሾፌሩን በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያ የአጥሩን መዝጊያ ከፍተው ገቡ። «ኑ። በፊታቸው ግን አትለፉ።»

ቀፎዎቹ ተደርድረዋል፤ ንቦቹ በፀሐይ መውጫ በኩል ይገባሉ፣ ይወጣሉ። «የንብ ቤት ፊትና ጀርባ አለው» አሉ አጎትየው። «ፊቱን ያቋረጠ ይነደፋል፤ ሳህንም ቢሆን ሰውም ቢሆን። ጀርባውን ማን እንዳለፈ ግን ንብ ጉዳዩም አይደለም።»

ብልጭታ በዓይኗ ለካች። ከአጥሩ እስከ ሜዳው መግቢያ ቀጥታው መስመር በቀፎዎቹ ፊት ነው የሚያልፈው። በጀርባ በኩል ግን ጠመም ያለ ክፍተት አለ፣ በሁለት ወፋፍራም ግንዶች መሀል።

«እዚህ ጋ ሾፌር አያልፍም» አለች እየሳቀች።

«እኛ አለን» አሉ አጎቷ። ቀዩን ሳህን ወረወሩት። የመጀመሪያውን ግንድ አለፈ፣ ሁለተኛውን ጫረ፣ ተንከባሎ መግቢያው አጠገብ ካለ ጉቶ ሥር ቆመ። ሦስቱም ከቀፎዎቹ ጀርባ ቀስ ብለው አልፈው ሄዱ። አጎትየው ሳህናቸውን በሾፌሩ አስነሱት። ሳህኑ በቆመበት ቦታ ላይ ምርኩዛቸውን አፈሩ ውስጥ ገፋ አድርገው ተከሉት። ቀጥ ማለቱን በአንድ ዓይናቸው አዩ።

«በሉ ደክሞኛል» አሉና ክንዳቸውን ለሾፌሩ ሰጡት። «አንተ፣ ቀስ በል ደግሞ። አውቶቡስ አይደለሁም።»

«እሺ ጋሼ።»

ሁለቱ መንገዱን ይዘው ወረዱ። ትንሽ እንደሄዱ ሾፌሩ ዞር ብሎ፣ «ብልጬ፣ ጋሼ ምርኩዛቸውን ረሱ! አምጪላቸው» ብሎ ተጣራ።

አጎትየው ወደ ኋላ አላዩም።

«አልረሱም» አለች ብልጭታ። ለራሷ ነው ያለችው፤ እነሱ ርቀዋል። ከኪሷ ሜትሯን አወጣች፤ ከምርኩዙ እስከ ጉቶው፣ ከምርኩዙ እስከ ቀፎዎቹ ጀርባ ለካች። የዘጠነኛው ቅርጫት ቱቦ የሚቆምበትን ጉድጓድ ስፋት በጫማዋ ጫፍ በምርኩዙ ዙሪያ አሰመረችና አካፋዋን ልታመጣ ሄደች።