መርዶ ያልደረሰው ልደት

አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልጅ ያለው ሰው ቅዳሜና እሁዱ የራሱ አይደለም። ልደት ይጠራል። ልደት ማለት ዳቦ ቆርሶ፣ ፈንዲሻ በትኖ፣ ሻማውን እፍ ብሎ መበተን የነበረበትን ጊዜ አስታውሳለሁ፤ ግን ጮክ ብዬ አልናገረውም። ቆንቋና መባል አለ።

አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ በነጭ ሊሞዚን ስትመጣ አይቻለሁ። ከኋላዋ ክራቫት ያሰሩ ትንንሽ ሚዜዎች ነበሯት። መድረክ መሪው ሠርግ የለመደ ሰው ስለነበር ተሳስቶ «ሙሽራችን መጣች» አለ፤ ያረመው ግን የለም፣ እንዲያውም እልልታው ቀለጠ። ሌላ ቤት ኬኩ ከመርዘሙ የተነሳ ልጁ የቆረሰው መሰላል ላይ ወጥቶ ነው። አባትየው ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ መሰላሉን ደግፎ «ቀስ፣ ቀስ» ይላል። እንጦጦ ላይ በተደገሰ ልደት ደግሞ የጭስ ማሽን አምጥተው ባህር ዛፉ መሀል ለቀቁት። ጭራሮ ተሸክመው ይወርዱ የነበሩ ሴቶች ጫካው የተቃጠለ መስሏቸው ሸክማቸውን ጣሉና እርጥብ ቅጠል ይዘው ሊያጠፉ እየሮጡ መጡ። ኬክ ተሰጥቷቸው፣ ፎቶ ተነስተው ተሸኙ።

በእነዚህ ሁሉ ላይ ቁጭ ብዬ አጨብጭቤያለሁ። ባሌ አይመጣም ነበር። መንገድ ቀያሽ ስለሆነ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ካምፕ ነው የሚያሳልፈው። እዚያው ካምፕ እንዳለ ታመመ፣ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ፣ በትውልድ አገሩ ተቀበረ። ለቅሶውን የተቀመጥነው ላምበረት፣ እህቱ ቤት ነው። ልጃችን ጎረቤት ቆየ።

የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ልጁ ፈተናውን እስኪጨርስ መርዶው ይቆይ አሉ። ለተፈታኝ መርዶ አይነገርም። የአንደኛ ክፍል ፈተና ነው ብል ማን ይሰማኛል? ፈተናው አለቀ። ፈተናው ሲያልቅ ሰባተኛ ዓመት ልደቱ ደረሰ፣ እንግዲህ ልደቱ ይለፍና ይነገረው ተባለ። እኔም እሺ አልኩ። በዚያን ሰሞን ሁሉንም ነገር እሺ እል ነበር።

«አባባ የት ነው?» ሲለኝ «ሥራ ላይ ነው፣ ያለበት ቦታ ኔትወርክ የለም» እለዋለሁ። ለዓመታት እውነት የነበረ መልስ ስለሆነ አፌን አይዘውም። ቢሮ ጥቁር ለብሼ እውላለሁ፤ ወደ ማታ ስመለስ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆሜ ጥቁሩን ሹራብና ሻሽ ቦርሳዬ ውስጥ እከትና አበባ ያለበትን አውጥቼ እለብሳለሁ። ልጅ ፊት አይለቀስም። ሳይለቀስ ሲከርም ደግሞ እንቢ ይላል። እንባዬ እንደ ኮንዶሚኒየማችን ውሃ ሆነ፤ ቧንቧው ሲከፈት አየር ብቻ ያፏጫል። ከፍቶኛል ልል አልችልም። ደንዝዣለሁ፣ ይኸው ነው።

የባሌ እህት ግን አልደነዘዘችም። ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ሱቅ ያላት፣ የያዘችውን የማትለቅ ሴት ናት። «መርዶውን ከመስማቱ በፊት ሳቁን ይጥገብ» አለችና ልደቱን እሷ ልትደግስ ተነሳች። ሐዘኗን የምታወጣበት ቦታ እንዳገኘች ስለገባኝ አልከለከልኳትም። ልጁ ንጉሥ እንዲሆን ወሰነች። ወርቃማ ዘውድ፣ መሬት የሚጠርግ ቀይ ካባ፣ ከሠርግ አዳራሽ የተከራየችው ዙፋን መጣ። እንጦጦ ሰው ከሚያስጋልቡት አንዱ ፈረሱን ይዞ ወረደ፤ ግንባሩ ላይ ብልጭልጭ የወረቀት ቀንድ ተለጠፈለትና ፈረሱ ቀኑን ሙሉ ጭንቅላቱን ሲያራግፍ ዋለ። በእንጨት እግር ቁመቱን ያስረዘመ ቀልደኛም ነበር፤ በኛ ብሎክ መግቢያ ጎንበስ ብሎ እንኳን ማለፍ አልቻለም። ልጄ የተጠየቀው ስለ ኬኩ ብቻ ነው። «ግሬደር ይሁን» አለ። ሌሎቹ ልጆች የካርቱን ሰው ያሠራሉ፣ የኔ የመንገድ ማሽን አለ። አክስቱ ዞር ብላ አፍንጫዋን ጠረገችና ግሬደሩን አዘዘች።

እሁድ ጠዋት የሰኔ ዝናብ ከነፋሱ ጋር መጣና የዲኮሩን ነጭ ድንኳን ለሁለት ቀደደው። እንግዶች እየገቡ ነው። የብሎካችን የእድር ዳኛ «ምን ችግር አለ፣ የእድሩ ድንኳን አለ አይደል እንዴ» አሉ። ሸራው ወጣ፤ ከሸራው ጋር አግዳሚ ወንበሮቹም ወጡ። ዲኮረሮቹ በቻሉት መጠን ፊኛ አሰሩበት። ሙዚቃው ሲጀምር ጥሩ ይመስል ነበር። ከዚያ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር ያመጣል የተባለው ሰውዬ ሲደወልለት «መንገድ ላይ ነኝ» ይላል፤ ይህ ማለት ከቤቱ አልወጣም ማለት ነው። ልጆቹ ፈረሱን ተከትለው ከብሎኩ ጀርባ ሄዱ። ወላጆች አግዳሚው ላይ ተደርድረን፣ ወደ መሬት እያየን፣ ቆሎ እየቆረጠምን ዝም አልን። ከውጭ ለሚያየን ሰው ለቅሶ ቤት ነን።

በዚህ መሀል አንዲት ሽማግሌ እናት ገቡ። ሕንፃው ሳይመጣ እዚህ መሬት ላይ ያርሱ ከነበሩት ቤተሰቦች ናቸው፤ አንዳንድ እሁድ ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ አያቸዋለሁ። ድንኳኑ በር ላይ ቆም ብለው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። እጅ ነሱና «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሟቹን አያውቁትም፤ ድንኳን ተጥሎ ካዩ ግን ሳይገቡ ማለፍ አያውቁም። ከዚያ ድምፅ ሳያሰሙ ማልቀስ ጀመሩ። አጠገባቸው የተቀመጡት ባልና ሚስት ምን እንደሚሉ ጨነቃቸውና ስልካቸውን አዩ።

የባሌ እህት ክንዴን ያዘችኝ። «ልጁ ሳያያቸው ውሰጃቸው። ድንኳን ሰባሪ ናቸው፤ አንድ ሳህን ስጪያቸውና ይሂዱ።» ድንኳን ሰባሪ አይመስሉም ነበር፤ ድንኳን ሰባሪ በልቶ ነው የሚያለቅሰው። ቢሆንም ምግብ አነሳሁና ሄድኩ።

ልጄ ቀድሞኛል። ከፈረሱ ሮጦ የመጣው ውሃ ፍለጋ ነው። ሴትዮዋን ሲያይ ቆመ፤ ከዚያ ካባውን ሰብስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። እኔ ሳህኑን እንደያዝኩ ከፊኛው ምሰሶ ጀርባ ነበርኩ።

«የኔ ልጅ፣ ማን ነው የሞተው?» አሉት።

መጮህ ነበረብኝ። መሀላቸው ገብቼ እማማ ተሳስተዋል፣ ልደት ነው ማለት ነበረብኝ። ስንት ጊዜ ደረጃ ላይ ልብስ የቀየርኩት ይህችን ጥያቄ እንዳይሰማ ነው።

«አባቴ» አላቸው።

«ውይ በሞትኩት። ታዲያ ይህን ማን አለበሰህ?»

«ልደቴም ስለሆነ ነው።» ዘውዱን አወለቀና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ ጆሯቸው ተጠጋ፤ ሹክሹክታ የማያውቅበት ልጅ ስለሆነ ሁሉም ተሰማኝ። «አክስቴ በስልክ ስታወራ ሰምቼ ነው። ለእማዬ ግን እንዳይነግሯት። እሷ ገና አልተረዳችም። ሥራ ላይ ነው እያለች እየጠበቀችው ነው።»

ሴትዮዋ አላቀፉትም፣ አልጮሁም። «እሺ ልጄ፣ አልነግራትም» አሉት። ፊታቸውን ጠረጉ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንደ ደስታ ቤት አድርገው ለበሱና ተነሱ። እኔ ጋ ሲደርሱ ማን እንደሆንኩ ከሳህኑ ይሁን ከፊቴ አወቁ። አፌ ተከፍቶ ነበር መሰለኝ። «እንኳን አደረሰሽ ልጄ፣ ይደግልሽ» አሉኝ፤ ለልጄ የገቡትን ቃል ጠበቁ። ምግቡን ሳይቀበሉኝ ወጡ።

መብራቱ የመጣው ያኔ ነው። ሙዚቃው ካቆመበት ጮኸ፣ መድረክ መሪው ንጉሡ ወደ ዙፋኑ ይምጣልኝ አለ። ልጄ ዘውዱን መልሶ አደረገና ወደኔ መጣ።

«እማማ ምን አሉህ?» አልኩት።

«እንኳን ተወለድክ አሉኝ» አለ። አልተንተባተበም፣ ዓይኑንም አልሰበረም። የሚዋሸው እኔ በምዋሽበት ድምፅ ነበር። ደረቴን አመመኝ። አባቱ ከሞተ ወዲህ ሲያመኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሳህኑን የማስቀምጥበት ቦታ አጥቼ ቆምኩ።

እጄን ይዞ ወደ ኬኩ ወሰደኝ። የባሌ እህት እያጨበጨበች ነው፣ ቀልደኛው ድንኳኑ በር ላይ ጎንበስ ብሎ ጭንቅላቱን አስገብቷል፣ ሁሉም ስልኩን ወደኛ ቀስሯል። ግሬደሩን ለመቁረስ ቢላዋውን አንድ ላይ ስንይዝ ቀና ብሎ አየኝ።

«ዛሬ አባባ ከደወለልሽ» አለኝ፣ «በጣም ደስ ብሎታል በይው።»

«እሺ፣ እለዋለሁ» አልኩት።