ከእህቴ ድምፅ ቀጥሎ የሚመጣው ዜማ

እናታችን ማንበብ ስለማትችል፣ ሳውዲ ሰው ቤት ልትሠራ የሄደችው እህቴ የምትልክልን ደብዳቤ በካሴት ነበር። ኢህአዴግ ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ ሆሳዕና ውስጥ ውጭ አገር ስልክ ለመደወል ቴሌ ቢሮ ተሰልፎ መዋል ግድ በነበረበት ጊዜ። በሀዲይኛ "ደህና ነኝ፣ አታስቡ፣ ሰዎቹ ጥሩ ናቸው" ትልና ዘመዱን ሁሉ ሰላም ትላለች። በመጨረሻው ካሴት ላይ ግን ከዚያ ቀጭ! ይልና ሌላ ድምፅ ይመጣል፤ ገመድ ሲገዘገዝ፣ የሽማግሌ ዘፈን፣ ጭብጨባ። ሌላ ነገር የተቀዳበት ካሴት ላይ ደርባ እንደቀዳችው ግልጽ ነው።

ይሄኔ እማዬ "ዝጋው!" ትላለች። እኛ ቤት ከመዝሙር ሌላ አይሰማም፤ ያውም የአረብ ዘፈን! እዘጋለሁ። ሰባት ወር እንዲህ ሆነ። የእማዬ ጭንቀት አንድ ብቻ ነው፤ ልጄ በእርግጥ ደህና ናት ወይ? በሳምንት ሁለቴ ካሴቱን ታስከፍተኝና "እውነቷን ነው፣ አይደል?" ትለኛለች። "እውነቷን ነው" እላለሁ። እኔ ምን አውቄ!

የእኔ አመል ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ነገር ካልገባኝ አርፌ አልቀመጥም፤ ፊዚክስ የማስተምራቸው ልጆች እንኳ በዚህ ይስቁብኛል። ያ ገመድ ከነከነኝ። ማሲንቆ መሰለኝ። ግን አዝማሪ በምን ተአምር የሳውዲ በረሃ ይገባል? እማዬ ቤተክርስቲያን በሄደች ቁጥር ገመዱ ብቻውን የሚሰማባትን ቦታ እያጠነጠንኩ አዳምጣለሁ። ሞኝነቴ፣ ከዚያ አልፌ አላዳመጥኩም።

አንድ ቅዳሜ ካሴቱን ይዤ ገበያ ወረድኩ፤ ከወሎ መጥተው ጨርቅ ወደሚሸጡት ሐጂ ዘንድ። ሳውዲ ብዙ ዓመት ኖረዋል።

"ሐጂ፣ እስቲ ይቺን ማሲንቆ ይስሙልኝ።"

በሱቃቸው ቴፕ ከፈቱና ሳቁብኝ። "አይ መምህር! ይሄ ረባባ ነው፣ የበደዊኖች። ግመልና ፍየላቸውን ይዘው ከውሃ ወደ ውሃ የሚዞሩ፣ ቤታቸው ድንኳን የሆነ ሰዎች ናቸው።"

ጥያቄዬን አዘነብኩባቸው። ገመዱ ስንት ነው? አንድ፣ ከፈረስ ጭራ። ሳጥኑስ? እንጨት፣ ቆዳ የተወጠረበት። ቆዳው ቢላላ? እሳት ያሞቁታል። የእኛንም ከበሮ እንዲሁ እኮ ነው የምናደርገው! ደስታዬን አልቻልኩትም። አንዱ ግጥም ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል አሉኝ፤ ወንዶቹ ከድንኳኑ መጋረጃ ወዲያ፣ ሴቶቹ ወዲህ።

"አሁን ስለ ግመሉ ነው የሚለው" እያሉ ይተረጉሙልኝ ነበር። "የበረሃ አረብኛ ስለሆነ ግማሹ አይገባኝም። እ... አሁን አንዲት አሮጊት 'ሐበሻዋ፣ ተራሽ ነው፣ በቋንቋሽም ቢሆን በይ' እያለቻት ነው።"

አንዲት ሴት ልጅ ጀመረች። ሐጂ ጆሯቸውን አስጠጉ። "ይሄስ ጭራሽ አልገባኝም። አማርኛም አይደል።"

እኔ ግን አንድም ቃል አላመለጠኝም። እህቴ በረባባው ዜማ፣ በሀዲይኛ ነበር የምትለው።

ውሃው ጨው ነው፣ እንቅልፌ ቁራጭ ነው፤
ደህና ነኝ እያልኩ የምልከው ውሸት ነው፤
እማዬ፣ መንገዱ ጠፋኝ፣ መጥተሽ ውሰጂኝ።

ስትጨርስ ጭብጨባው ቀለጠ፣ እልልታም ነበረበት። ሐጂ "ወደዷት!" አሉኝ ደስ ብሏቸው። አመስግኜ ካሴቱን ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ።

እማዬ በር ላይ ጠበቀችኝ። "ካሴቴን ይዘህ የት ጠፋህ?"

"ዘፈኑን ላስተረጉም ነው።"

"ታዲያ ምን ይላል?"

"ስለ ግመል ነው።"

አፍጥጣ አየችኝ። "ስለ ግመል ከሆነ አንተን ምን አስለቀሰህ?"

መዋሸት አልሆነልኝም። ካሴቱን ከፈትኩላት። ሰላምታው አለቀ፣ ረባባው መጣ፣ በዚህ ቀን ዝጋው አላለችም። ሽማግሌው ዘፈነ፣ አሮጊቷ ተናገረች፣ ከዚያ ልጇ ጀመረች። እማዬ መሬቱን እያየች እስከ መጨረሻው ሰማች። እልልታው ሲነሳ ቀና አለች።

"ምን አገኘን ብለው ነው የሚያጨበጭቡት?"

"አልገባቸውም እኮ፣ እማዬ። ቋንቋዋን አያውቁም።"

"እኛስ?" አለች።