ከአቡጀዴው ወዲያና ወዲህ

እትዬ ትሁን ፊቷ የመጣውን ነገር ሁሉ ሳትመዝን የማታሳልፍ ሴት ነበረች። ከይፋግ አዝማሪ ቢመጣ፣ «ድምፁስ ደኅና ነው፤ ግጥሙን ግን ከማን እንደለቃቀመው እንጃ» ትላለች። ሙሽራ በበቅሎ ቢያልፍ፣ «ካባው ከልጁ ይበልጣል» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ባሏ አያ ሙላቴ ደግሞ እሷ የመዘነችውን መልሶ ካልመዘነ እህል የማይወርድለት ሰው ነበር። ቤታቸው ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ገብስና ድንች ያመርታሉ፤ ልጆቻቸው ትዳር ይዘው ወጥተዋል፤ ከእርሻ የተረፈው ጊዜያቸው የሚያልቀው በክርክር ነበር። ጠብ አልነበረም እንጂ፣ ጎረቤት እሳት ሊጭር ገብቶ ዳኛ ሆኖ ይወጣ ነበር።

በዚያ በጠላት ዘመን፣ ጣሊያን ከተማው ውስጥ ከሰፈረ በኋላ፣ አንድ ጥቅምት ላይ ሲኒማ የሚያሳይ መኪና መጣ። ገበያው ሜዳ ላይ ሁለት ምሰሶ ቆመና ሰፊ አቡጀዴ ተወጠረበት። ምሰሶዎቹ ከአያ ሙላቴ ጓሮ ሳይጠየቅ የተቆረጡ ጽዶች ነበሩ። ስለዚህ «እኔ የጽዶቼ እንግዳ ነኝ» እያለ ከፊት፣ ከወንዶቹ መሐል ገብቶ ተቀመጠ። ሴቶቹ ግን ከአቡጀዴው ጀርባ እንዲቀመጡ ታዘዙ። ጨርቁ ስስ ስለሆነ ሥዕሉ በዚያም በኩል ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ቅር ያለው አልነበረም።

የሚናገሩበትን ቋንቋ የሚሰማ ሰው የለም። የሚታየው አንዲት ከሲታ ልጅ፣ አንድ ፈረሰኛ ጎልማሳና አንድ ወፍራም ሰውዬ ናቸው። ማዕድ ቀርቦ ሾርባ ይጠጣሉ፤ ከዚያ ጎልማሳው ፈረሱ ላይ ወጥቶ ይሄዳል፤ ልጅቱ መስኮት ላይ ቆማ መንገድ መንገዱን ታያለች። ነገሩ እዚህ ሲደርስ የመኪናው ሞተር አጓርቶ አጓርቶ ዝም አለ፤ ሥዕሉም አብሮ ጠፋ። ከመኪናው ጋር የመጣው አስተርጓሚ ወጥቶ፣ ቅዳሜ ማታ ከመነሻው እንደሚታይ ተናገረና ሕዝቡ ተበተነ።

ባልና ሚስቱ መንገድ ላይ ተገናኙ።

«ወፍራሙ አባቷ ነው» አለ አያ ሙላቴ።

«የምን አባት፤ አጎቷ ነው። አባት ቢሆን ልጁ እንዲያ ከስታ እሱ እንዲህ አይወፍርም።»

«ጎልማሳው ግን አልጣመኝም። ፈረስ ላይ እንደ ጭድ ስልቻ ነው የሚቀመጠው።»

«አቀማመጡን ምን አደርገዋለሁ? ይመለሳል አይመለስም? እኔን የጨነቀኝ እሱ ነው። ያቺ ልጅ መስኮት ላይ እንደቆመች ቀረች'ኮ።»

«የሚመለስ ሰው ሲሄድ ዞር ብሎ ያያል።»

«አይቷል። አንቱ ስልቻውን ሲያዩ አምልጦዎታል።» ትንሽ ሄዳ ደግሞ፣ «በግራ እጅ መብላታቸው ግን አስጠላኝ» አለች።

«እነማን?»

«ሁሉም። ማንኪያው በግራቸው ነው። ወፍራሙ ሲያማትብ እንኳ በግራው።»

«በቀኛቸው ነው የበሉት።»

«አንቱ ዓይንዎ ደክሟል።»

«ከፊት የነበረውን ወንድ ሁሉ ጠይቂ።»

«አንቱም ከጀርባ የነበረችውን ሴት ሁሉ ይጠይቁ።»

ቢጠይቁ ጊዜ ሴቱ ሁሉ ግራ፣ ወንዱ ሁሉ ቀኝ አለ። ነገሩ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር እመቤቴ የምትባል ጎረቤታቸው ለመምሬ ገብረየሱስ አደረሰችው። መምሬ የሰፈሩ ሁሉ የነፍስ አባት ናቸው። «በግራው የሚያማትብ ማንን እንደሚጠራ የታወቀ ነው። ሴቶች ልጆቼ ቅዳሜ ከቤታቸው እንዳይወጡ» ብለው ገዘቱ።

እትዬ ትሁን ባሏን አስከትላ መምሬ ዘንድ ሄደች።

«አባቴ፣ የልጅቱን መጨረሻ ሳላይ ልቅር?»

«በግራ ሲያማትቡ አይተሻል አላየሽም?»

አያ ሙላቴ ጎኗን ጎሸም አደረጋት። አላየሁም ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

«አይቻለሁ አባቴ» አለች።

«እኔ ደግሞ በቀኝ ነው ያየሁት» አለ እሱ።

መምሬ ሁለቱንም አየት አየት አደረጉ። «ሁለታችሁንም አውቃችኋለሁ። አፋችሁ ሥራ አይፈታም እንጂ አትዋሹም። እንግዲያው ሙላቴ፣ ቅዳሜ ከፊትም ከኋላም ሆነህ አይተህ ንገረኝ። በቀኝ ከሆነ ግዝቱን አነሣለሁ። እስከዚያ ሴት አትሄድም።»

ሲመለሱ አያ ሙላቴ አላስቻለውም። «አላየሁም ብትዪ ምን ነበረበት?»

«ለነፍስ አባቴ ልዋሽ? ለዚያውም ለሲኒማ?» አለች። ቀጥላም ለስለስ ብላ፣ «ይሂዱ፣ እጃቸውን ይዩላቸው። ልጅቱን ግን አደራ። ምን እንደሆነች አንድ ሳያስቀሩ ይንገሩኝ» አለችው።

ቅዳሜ ማታ አያ ሙላቴ ሥራ በዛበት። ከፊት ሆኖ ማንኪያውን ያያል፤ ጋቢውን ሰብስቦ ወደ ጀርባ ይሮጣል፤ በሴቶቹ ቦታ ከተኙት ፍየሎች መሐል ቆሞ ያያል፤ ተመልሶ ይሮጣል። ወንዶቹ «ምን ሆነሃል፣ ቁንጫ ነው?» እያሉ ሳቁበት። እሱ ግን የተላከበትን ጨርሶ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ገሰገሰ። እትዬ ትሁን ደጅ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀው ነበር።

«ሁለታችንም ረታን» አለ ገና ሳይደርስ። «ከፊት ሲያዩት ቀኝ፣ ከኋላ ሲያዩት ግራ ነው። ጨርቁ ነው የሚገለብጠው። ያማተበውም በቀኙ ነው።»

«ተመስገን። ልጅቱስ?»

«የቷ ልጅ?»

«ሙላቴ» አለች። ስሙን እንዲህ ለብቻው የምትጠራው ነገር የከረረ ዕለት ነው።

«እጅ እጃቸውን ስጠብቅ ጊዜ… አለቀሰች መሰለኝ። ወይም ሳቀች።»

«ፈረሰኛው ተመለሰ?»

«አንድ ፈረስ አይቻለሁ። ሰው ይኑርበት አይኑርበት ግን፣ ያን ጊዜ እየሮጥሁ ነበር።»

እትዬ ትሁን ተነሥታ ገባች። በትዳራቸው ዘመን ክርክር ሳትጨርስ የተኛችው ያን ማታ ነው እያሉ ሰፈርተኞቹ ብዙ ዘመን ያወሩት ነበር።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ አያ ሙላቴ ያየውን ለመምሬ ነገራቸው። እሳቸውም ትንሽ አሰቡና፣ «እኔም ፊቴን ወደ እናንተ መልሼ ስባርክ ቀኜ በግራችሁ በኩል ነው» ብለው ግዝቱን አነሡ። ምን ያደርጋል፣ መኪናው ሌሊቱን ተነሥቶ ወደ ገሳይ ሄዷል። ማክሰኞ ማታ እዚያ ያሳያል ተባለ።

ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሲወጡ አያ ሙላቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኅትሽ ውዴ ገሳይ አይደለችም?»

«ናት።»

«ከጠየቅሻት ቆየሽ መሰለኝ።»

«ቆየሁ» አለች፤ ከትናንት ማታ ወዲህ ያናገረችው በእነዚህ ሁለት ቃላት ብቻ ነው።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ስንቃቸውን ቋጥረው ወጡ። መንገዱን ሙሉ ወፍራሙ አባት ነው አጎት በሚለው ተከራክረው፣ መሽቶ ውዴ ቤት ሲደርሱ አማች ሊሆን እንደሚችል ተስማምተው ነበር።

ገሳይ ላይ አቡጀዴው ግድግዳ ላይ ተቸንክሯል፤ ጀርባ የሚባል ነገር የለም። ሴቱም ወንዱም ተደባልቆ ተቀመጠና እነዚህም ጎን ለጎን ሆኑ። ሾርባው በቀኝ ተጠጣ። ጎልማሳው ሄደ። ልጅቱ መስኮቱ ላይ ቆመች። ሞተሩም አልቆመም፤ ፈረሰኛው ተመለሰ፣ ልጅቱ እየሮጠች ወጣች፣ ወፍራሙ አቅፎ ሳማቸው፣ ሙዚቃው ደመቀ፣ አለቀ።

አያ ሙላቴ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። እትዬ ትሁን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

«ለዚህ ነው የመጣነው?» አለች።

«ምነው? ተመለሰላት'ኮ።»

«እሱማ ተመለሰ። የት እንደከረመ እንኳ የጠየቀው የለም። ቅዳሜ ደጄ ላይ ተቀምጬ እኔ ያሰብሁት ይሻል ነበር።»

«ምን ነበር ያሰብሽው?»

«መንገድ ላይ ይነገርዎታል።»

በማግሥቱ ገና ከገሳይ ሳይርቁ ጀመረችለት። እሷ ባሰበችው ልጅቱ እህል በልታ ትወፍራለች፤ አንድ ቀን ያንን መስኮት ዘግታ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች፤ ጎልማሳው ሲመጣ በሩን የሚከፍትለት ያጣል። አያ ሙላቴ በየእርምጃው ያስቆማታል። ምን በልታ ወፈረች? ሥራዋስ ምንድን ነው? ፈረሱን ማን አበላው? ደብረ ታቦር ሲገቡ ልጅቱ ገና መስኮቱን አልዘጋችም ነበር፤ መዝጊያው እንጨት ነው መስተዋት በሚለው አልተስማሙምና።